ቁልፉን ቀማሁት

ሐሙስ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሊዮል የአባቱን ጋራዥ በር ገርበብ ብሎ አገኘው። ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ከተማ ውስጥ፣ ከጎማ ቤቱና ከልብስ ማጠቢያው መካከል ያለችውን ያቺን ጋራዥ የማያውቅ የአበሻ ሾፌር የለም። ጌትነት ሁለት የመኪና ማንሻ ሊፍት፣ አንድ አሮጌ ሶፋና የማያልቅ ወሬ ይዞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶባታል። ልጁ መብራቱን ሲያበራ አባቱ ከሁለተኛው ሊፍት ስር በጀርባው ተዘርግቷል። የጭንቅላቱ የኋላ በኩል በጎማ መፍቻ ብረት ተፈርክሷል፤ ደሙ ሲሚንቶው ላይ ረግቶ ከሞተር ዘይት ጋር ተቀላቅሏል። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተሰብረዋል። እጁን አንሥቶ ሊከላከል ሞክሮ ነበር ማለት ነው።

የጠረጴዛው መሳቢያዎች ቁልፋቸው በብረት ተፈልቅቆ ወለሉ ላይ ተገልብጠዋል። ስልኩ የለም፣ የኪስ ቦርሳው የለም። አገጩ ላይ ጨርቅ ታስሯል። ጫማውና ካልሲው ወልቀው የሁለቱ እግሮቹ አውራ ጣቶች በፕላስቲክ ማሰሪያ አንድ ላይ ተጠፍረዋል።

ሊዮል ፖሊስ ጠርቶ ገና ስልኩን ሳይዘጋ ናሆም መጣ። ናሆም አሜሪካ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሙያውን ያስተማረው ጌትነት ነው። በእጁ የጌትነትን የቁልፍ ጥቅል ይዟል። ሊዮል ቁልፉን አየ፣ ሬሳውን አየ፣ ሌላ አልጠየቀም። በቡጢ አፉን አለው። ሲወድቅ በጫማው ጎኑን ረገጠው፤ ደግሞ ረገጠው። ፖሊስ ደርሶ እስኪያላቅቃቸው ናሆም ሁለት ጥርሱ ወልቆ፣ የገዛ ደሙን እየዋጠ «ስማኝ፣ ስማኝ» ይል ነበር። ማን ሊሰማው!

በማግሥቱ መርማሪ ኮልማን ወይዘሮ ውባለምን አስጠራት። ውባለም አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች። ዛሬ ቤድፎርድ እየኖረች በየፍርድ ቤቱ ታስተረጉማለች። «ድሮ ሌባ እይዝ ነበር፤ አሁን ሌባ ያለውን እደግማለሁ» ትላለች ሲጠይቋት። አምሳ ሰባት ዓመቷ ነው፣ መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነው የሚውለው፣ ምላሷም እንደ ምላጭ ነው።

«የተጠርጣሪው ጠበቃ የስልክ አስተርጓሚው አላጠገበኝም ብሏል» አለ ኮልማን። «አንድ ጊዜ ስሚልኝና እንፈርም።»

ቅጂውን ከፈተላት። የናሆም ድምፅ ባበጠ ከንፈር ይወጣል፦ «ጋሼ ጠጥቶ ነበር። ቁልፉን ቀማሁት። እምቢ አለኝ፤ ታግዬ ቀማሁት።» ከዚያ የስልክ አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ፦ ታግዬ ዘረፍኩት አለ።

ውባለም መነጽሯን አወረደች። «ይህን የተረጎመውን ሰው የሰከረ ባል አይታ የማታውቅ እናት ነች ያሳደገችው?»

«ቀማ ማለት መዝረፍ አይደለም?»

«ስማ። እኛ አንድ ቃል ብቻ የለንም። ባለቤቱ ሳያይ ከወሰድክ ሰረቅህ። እያየህ፣ ከእጁ ከወሰድክ ቀማህ። ቀምተህ ከሮጥክ ነጠቅህ። ገብተህ ያገኘኸውን ሁሉ ካግበሰበስክ ያ ነው ዝርፊያ። ቀማኛ ክፉ ሰው ነው፣ እሱ ልክ ነው። ግን እናት ከሕፃን እጅ ቢላዋ ስትወስድ ምን አደረገች እንላለን? ቀማችው። ሚስት ከሰካራም ባሏ የመኪና ቁልፍ ስትወስድስ? ቀማችው። ይህ ልጅ ጌታው ጠጥቶ እንዳይነዳ ቁልፍ ቀማ። አንተ ወንበዴ አድርገህ አሰርከው።»

ኮልማን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራ የበዛበት ሰው ነው። «ሰኞ ጧት አቃቤ ሕጉ ክሱን ይመሠርታል። እዚህ ቴክሳስ ሰው እየዘረፈ የገደለ ካፒታል መርደር ነው። ሞት ሊጠየቅበት ይችላል። ቃሉን አሳምረሽ ተረጎምሽው፤ ሬሳውን ግን መተርጎም አትችዪም። አፉን በጨርቅ አፍነው፣ እግሩን አሥረው፣ ገንዘብ ፍለጋ ጫማውን አውልቀው ነው የገደሉት።»

«ፎቶውን አሳየኝ።»

አሳያት። አንዱን ፎቶ ከሌላው እያስተያየች ቆየች።

«ጨርቁ አፉ ውስጥ አልገባም» አለች። «ከአገጩ ስር ተነሥቶ አናቱ ላይ ነው የተቋጠረው። ጫማዎቹን ተመልከት፤ ጎን ለጎን፣ ካልሲው ተጣጥፎ ውስጣቸው። ገንዘብ የሚፈልግ ካልሲ ያጥፋል? ዓይኖቹ ተከድነዋል። ከእግሩ ጣቶች ማሰሪያ ስር እብጠት አለ ወይ ብለህ ሐኪሙን ጠይቅ።»

ኮልማን ደወለ፤ አዳመጠ፤ ስልኩን አስቀመጠ። «የለም። ከሞተ በኋላ ነው የታሰረው።»

«ግነዛ ነው። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ሰውነቱ ሳይደርቅ ዓይኑ ይከደናል፣ አፉ እንዳይከፈት አገጩ ይታሰራል፣ እግሩ እንዳይከፋፈት አውራ ጣቶቹ ይታሰራሉ። ይህን ሰው የገደለው ሰው ገንዞታል።»

«ገድሎት ሲያበቃ?»

«ገድሎት ሲያበቃ። ስለዚህ ከእኛው አንዱ ነው። እስከ ሰኞ ስንት ቀን አለኝ?»

«ሦስት» አለ ኮልማን።

ከሰዓት በኋላ እስር ቤት ገብታ ናሆምን በመስተዋት ማዶ አነጋገረችው። ብርቱካናማው ልብስ ሰፍቶታል። እናቱ እናትነሽ ከበሩ ውጪ በሥራ ልብሷ ቆማ ነበር፤ በአዛውንቶች መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ ሁለት ቀን አልተኛችም።

«ጋሽ ጌትነት ይጠጣ ነበር?» አለችው ውባለም።

«ኧረ እትዬ፣ ጠላ እንኳ አይቀምስም። ረቡዕ ብቻ ነው። ከሰዓት ሦስት መኪና ሰቅለን ነበር፤ የዕድሩን ዳኛ የአባባ ወልደ ሥላሴን ለጎማ፣ የጎረቤታችንን የዮአብን ለፍሬን፣ የእማዬን ለዘይት። እኔ ምሳ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ፊቱ ጠቁሯል። ‹ሌባው ከኛው ነው› አለኝ። ማን ነው ስለው ‹እሑድ በአውጫጭኙ ራሱ ይናገራል፤ ዕድል ሰጥቼዋለሁ› አለ። ከዚያ ውስኪ ገዝቶ መጣ። ማታ ቁልፉን ስቀማው እዚያው ሶፋው ላይ ተኛ።»

እዚህ ላይ አንባቢዬ ግራ እንዳይገባው ልንገረው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የጋርላንድ ሾፌሮች ካታሊቲክ እየተሰረቀባቸው ነበር። ካታሊቲክ ከመኪና ሆድ ስር ያለች ጭስ ማጣሪያ ናት፤ ውስጧ ውድ ማዕድን ስላለ ሌባ በመጋዝ ቆርጦ ይሸጣታል። የሰባት ሰው ሄዷል። ጌትነት መረረውና «እሑድ እንደ አያቶቻችን አውጫጭኝ እንቀመጥ» አለ። አውጫጭኝ ማለት ዕቃ ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ እየማለ፣ ሌባው እስኪወጣ የማይለያይበት ሸንጎ ነው። ሾፌሮቹ ሳቁበት፤ ግን ሁሉም እሺ አሉ።

«ሌባው ማን እንደሆነ በምን አወቀ?» አለች ውባለም።

ናሆም ወደ መስተዋቱ ተጠጋ። «አምና ጥር ላይ ለዕድሩ አባላት መኪና በነጻ ሲመረምር በኤሌክትሪክ መጫሪያ በየካታሊቲኩ ላይ የባለቤቱን ስም መነሻ ፊደልና ወሩን ከነዓመቱ ጻፈበት። ከኔ በቀር ማንም አያውቅም። ሌባ ካወቀ ፍቆ ያጠፋዋል ብሎ ነው።»

«ለፖሊስ ነገርካቸው?»

«ስለ ቁልፍ ብቻ ነው የጠየቁኝ።»

«የቁልፉ ጥቅል ውስጥ የመሳቢያዎቹ ቁልፍ አለበት?»

«ሁሉም አለ። እትዬ... ይገድሉኛል እንዴ?»

ውባለም ውሸት አትወድም። «እኔ እያለሁ አይገድሉህም» አለችው፤ ይህን ለማለት ምንም ማስረጃ አልነበራትም።

ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ሄደች። የሟች ሚስት ብርቅነሽ ድምፅዋ ተዘግቶ በሹክሹክታ ታለቅሳለች። ሊዮል ከጎኗ ተቀምጦ የቆሰለ ቡጢውን ያሻል። እዚሁ ያደገ ልጅ ነው፤ ታላላቆቹን ሁሉ አንተና አንቺ እያለ ነው የሚያወራው፤ ማንም አይቀየመውም።

«ማለቴ፣ አንቺ ለናሆም ነው የምትሠሪው?» አላት። «ሰረቀው፣ ገደለው። ሶ ይሙት። አይ ዎንት ሂም ዴድ።»

«አባትህ የእግሩ ጣት ታስሮ እንደነበር አይተሃል?»

«አይቻለሁ። እንዳይሮጥ ነዋ።»

ብርቅነሽ ግን ቀና አለች። «የእግሩ ጣት?» አለች። ይህን ማንም አልነገራትም ነበር። አንገቷን ደፋች። «እንኳን አንድ ሰው አሰበለት። አባባ ወልደ ሥላሴ ለሌላው ሁሉ ሲሮጡ ለጌትነቴ ስልክ እንኳ አልደወሉም። እዚህ አገር ዐርባ ሰው ገንዘዋል። ወይዘሮ ዕፀ ሕይወት የሞቱ ጊዜ ለመገነዝ መርማሪ ሐኪሙን ደጅ ጠንተው አልነበር? እንደ ወንድም ለሚያዩት ሲሆን ምን ያዛቸው?»

ውባለም ንፍሮዋን ዘግና ወጣች።

ዮአብ ከጋራዡ ጀርባ የአሮጌ ዕቃ ግቢ አለው። የጎረምሳ ንግግር ያለው፣ በልጅነቱ ዲያቆን የነበረ፣ አሁን ቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይደርስ የአርባ ዓመት ሰው ነው። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ዘረፉት እኮ!» አላት ገና ሳትጠይቀው። «ቤቱን ገለባብጠው ዘረፉት።»

«ከጌትነት ጋር ተጣልተሃል ይባላል።»

«ተሰዳድበናል። የተሰረቀ ካታሊቲክ ትገዛለህ አለኝ። እኔ ከማንም እገዛለሁ፤ ካታሊቲክ ላይ የሰው ስም አልተጻፈበት!»

«እጅህን ምን ነካህ?»

«መጋዝ። ረቡዕ ከሰዓት። ስድስት ስፌት ነው፤ ክሊኒኩን ጠይቂ። ማንኪያ እንኳ የምይዘው በግራዬ ነው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ካታሊቲኩ የተቆረጠበት መኪና ሲነሣ ይጮሃል አሉ።»

«ይጮሃል? እንደ ትራክተር ያጓራል እንጂ። የሰባቱም ሲነሣ ሰፈሩ ይነቃል...» አለና ቆም አለ። «የስድስቱ። የአባባ ወልደ ሥላሴን አልሰማሁም። ወዲያው አስገጠሙት መሰለኝ።»

ወልደ ሥላሴን ያገኘችው አየር ማረፊያው አጠገብ፣ ሾፌሮች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ነው። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ የዕድሩ ዳኛ ናቸው፤ ሽበታቸው የተበጠረ፣ ንግግራቸው የለሰለሰ። ከመኪናቸው ወርደው ሳሟት።

«ምን ጉድ ነው ልጄ፣ ምን ጉድ ነው» አሉ። «ያ ቀማኛ እንጀራ ያበላውን ሰው ቀምቶ ገደለው።»

«ናሆም ነው ይላሉ?»

«ቁልፉ እጁ ላይ አልተገኘም? ፖሊስ የያዘውን እኛ ምን እንላለን።»

«እርስዎም በመጋቢት ተሰርቀዋል አሉ።»

«ተሰረቅሁ እንጂ። በጧት ተነሥቼ ባየው ባዶ። ዕድሩን እግዜር ይስጠው፣ አዋጥቶ አገዘኝ። ፎርት ወርዝ አንድ ሜክሲካዊ ዘንድ ሌላ አስገጠምኩ።»

«መኪናዎ ሲጮህ ግን ማንም አልሰማም።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ፎርት ወርዝ ድረስ በተሳቢ ነው የወሰድኩት። ለጎረቤት አሰብኩ። ይልቅ ልጄ፣ የነገው አውጫጭኝ ይቅር። የሞተ ሰው ባለበት ሌባ ፍለጋ ነውር ነው።»

«የሟች የመጨረሻ ቃል ነው፤ አይቀርም» አለች ውባለም። «ዳኛው ደግሞ እርስዎ ነዎት። እንዳይቀሩ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሃያ አምስት የሚሆን ሰው ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰበ። ደሙ ታጥቦ ሲሚንቶው ላይ ጥቁር ጥላ ቀርቷል፤ ሰው ሁሉ እየዞረው ያልፋል። ኮልማን በሩ ላይ ቆሟል። ብርቅነሽና ሊዮል፣ ዮአብ፣ እናትነሽ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ወልደ ሥላሴ እንደ ዳኛነታቸው መሐል ወንበር ላይ ናቸው።

«ስለ ሌባው ከመነጋገራችን በፊት ስለ ገዳዩ ልናገር» አለች ውባለም። «ፈቃድዎ ነው አባባ?»

«ተናገሪ።»

«ፖሊስ ይህን ቤት ሲያይ ተዘርፏል አለ። ዘራፊ ያገኘውን ሁሉ ያግበሰብሳል። ያ ጠረጴዛ ላይ ያለው የመኪና መመርመሪያ ኮምፒውተር ከስልክና ከቦርሳ አሥር እጥፍ ያወጣል። አልተነካም። ይህ ዝርፊያ አልነበረም፤ የዝርፊያ መልክ የተሰጠው ነገር ነው።»

እናትነሽ እጆቿን አጣምራ አንገቷን እየነቀነቀች ታዳምጣለች።

«ሁለተኛ። ናሆም ቁልፉን ይዞ ተገኘ፤ እውነት ነው። ረቡዕ ማታ ጌትነት ጠጥቶ መኪና ሊነዳ ሲል ታግሎ ቀማው። በቀማው ጥቅል ውስጥ ደግሞ የመሳቢያዎቹ ሁሉ ቁልፍ አለ። መሳቢያዎቹ ግን በብረት ተፈልቅቀዋል። ቁልፍ በኪሱ ያለ ሰው ቁልፍ ይፈለቅቃል ወይ?»

ሊዮል ቀና አለ። ኮልማን በሩ ላይ እንግሊዝኛውን ከውባለም አፍ ሰምቶ ማስታወሻውን ዘጋ።

«ሦስተኛ። ገዳዩ ጌትነትን ከኋላ መታው፣ ዞሮ እጁን ሲያነሣ ጣቶቹን ሰበረው፣ እስኪሞት ደበደበው። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጫማውን አወለቀ፣ ዓይኑን ከደነ፣ አገጩን አሠረ፣ አውራ ጣቶቹን አሠረ። ገነዘው። ይህ እዚህ ያደገ ልጅ የሚያውቀው ነገር አይደለም፤ ሊዮልን ስጠይቀው ‹እንዳይሮጥ ነው› አለኝ። እናትነሽ ሬሳ አጥባ ታውቃለች፤ ግን ሐሙስ እስከ ጧቱ አንድ ሰዓት መጦሪያው ውስጥ ፈርማ ሥራ ላይ ነበረች። ዮአብ ዲያቆን ነበር፣ ከሟች ጋርም ተጣልቷል፤ ቀኝ እጁ ግን ረቡዕ ስድስት ስፌት ተሰፍቷል። በዚያ እጅ ብረት አይሰነዘርም፣ ቋጠሮም አይቋጠርም።»

ዮአብ ፋሻውን ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ጌትነት ረቡዕ ሦስት መኪና ሰቀለ። ከሦስቱ በአንዱ ስር የሌባውን ማስረጃ አየ፤ እሑድ ራሱ ይናገር ብሎ ጊዜ ሰጠው። የሁለቱን ባለቤቶች፣ የዮአብንና የእናትነሽን ነገር፣ ነገርኳችሁ። ሦስተኛው የእርስዎ መኪና ነበር አባባ።»

ወልደ ሥላሴ ዘንጋቸውን ወለሉ ላይ አሳርፈው ሳቁ። «ይኸው! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸ ነው። እኔ የተሰረቅሁ ሰው ሌባ ልባል?»

«ታዲያ በአውጫጭኝ ወግ ይማሉ። መኪናዎ ስር ያለው ካታሊቲክ በመጋቢት ከተሰረቁ በኋላ ፎርት ወርዝ ያስገጠሙት ሌላ ዕቃ ነው?»

«ሌላ ነው።»

«ይማሉ።»

«በሥላሴ ስም ሌላ ነው» አሉ ሽማግሌው፤ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

ውባለም ወደ ሊዮል ዞረች። «ደጅ የቆመውን መኪናቸውን አስገባና ስቀለው።»

ሊዮል ቁልፉን ከወልደ ሥላሴ እጅ ተቀበለ፤ ሽማግሌው ሰጡት፤ ምን ብለው ይከለክላሉ። ሊፍቱ እየጮኸ መኪናው ከሰው ራስ በላይ ወጣ። ኮልማን ባትሪውን አበራ። ዝገቱ ውስጥ ከሩቅ የሚነበብ ጽሑፍ ነበር፦ ወ. ሥ. ጥር ፳፻፲፮።

«የጌትነት እጅ ጽሑፍ ነው» አለች ብርቅነሽ።

«አምና ጥር ላይ ነው የጻፈው» አለች ውባለም። «የሁላችሁም ላይ አለ፤ ለማንም አልተናገረም። ለእርስዎም ‹አውቄብሃለሁ› ብቻ ነው ያለዎት፤ በምን እንዳወቀ አልነገረዎትም። ቢነግርዎት ኖሮ ቆርጠው በጣሉት ነበር። በመጋቢት ተሰረቀ ያሉት ዕቃ አንድ ቀን ከቦታው አልተነቃነቀም። የእርስዎ መኪና ያልጮኸው በተሳቢ ስለሄደ አይደለም። ከመጠርጠር ለመዳን ብለው ተሰረቅሁ አሉ። ዐርባ ሰው ለመገነዝ የሮጡ ሰው ደግሞ ለጌትነት አንድ ስልክ አልደወሉም፤ ለምን ይደውላሉ፣ ሥራውን ሐሙስ ጧት ጨርሰውታል።»

ወልደ ሥላሴ ተነሡ። ለዕድሜያቸው የማይገባ ፍጥነት ነበር። ከግድግዳው የተሰቀለውን ብረት መንጭቀው ወደ ውባለም ወረወሩት፤ ዮአብ ገብቶ ትከሻውን ተመታና አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማ። ሊዮል ከኋላ አንቆ ጣላቸው። ወንበሮች ተገለበጡ፤ ሴቶች ጮኹ። ሊዮል ብረቱን አነሣና ከሽማግሌው ራስ በላይ ከፍ አደረገው። ኮልማን ገና ከሰው መሐል እየተጋፋ ነበር።

የልጁን ክንድ የያዘችው እናትነሽ ናት። «ተው» አለችው። «ልጄን ታስሮ አይቼዋለሁ። የሷን ልጅ እንዳላይ።» አገጯን ወደ ብርቅነሽ አመለከተች። ሊዮል ብረቱን ጣለው።

ወልደ ሥላሴ መሬት ላይ ተቀምጠው በእጃቸው አፋቸውን ጠረጉ። ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ነበር።

«መጀመሪያ አንዱን ብቻ ነው የወሰድኩት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ከዚያ አመል ሆነ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባል የለ። ጌትነት ረቡዕ ከሰዓት ደውሎ ‹እሑድ ራስህ ተናገር፣ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ› አለኝ። አጠገብህ እቆማለሁ አለኝ። እኔ እንዴት አድርጌ እናንተ ፊት እናገራለሁ? ሐሙስ ሊነጋ ሲል መጣሁ። እንዲተወኝ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። ጀርባውን ሲሰጠኝ ብረቱ እጄ ላይ ነበር።»

«ለምን ገነዙት?» አለች ብርቅነሽ። ድምፅዋ ተመልሶ መጥቶ ነበር።

«ዓይኑ ፈጦ ነበር። ማንንም እንደዚያ ትቼ አላውቅም። እሱን እንዴት ልተወው?»

ኮልማን ካቴናውን እያሰረ ውባለምን ምን አሉ አላት። ተረጎመችለት፤ ቃል በቃል፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። ከዚያ በራሷ ስም መናገር ጀመረች፤ አስተርጓሚ ይህን ማድረግ አይፈቀድላትም።

«የስድስት ጎረቤትዎን ዕቃ ሰረቁ» አለቻቸው በአማርኛ። «ተሰረቅሁ ብለው የዕድሩን መዋጮ አጭበረበሩ። ዳኛ ተብለው አደራ በሉ። የወንድምዎን ነፍስ አጠፉ። ይህ ሁሉ አልበቃዎትም፤ ነገ ጧት የአንድ ልጅ ዕድሜ እናቱ እያየች ሊቀሙ ነበር። ለዚያኛው ቃል የለኝም።»

ሽማግሌው ቀና ብለው እናትነሽን ለማየት ሞከሩ፤ አልቻሉም። ይዘዋቸው ወጡ።

ናሆም የተፈታው ማክሰኞ ነው። ወረቀቱ ሰኞ ቀኑን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ዋለ። ውባለም እናትነሽን በመኪናዋ አምጥታ ከእስር ቤቱ በር ፊት ለፊት ፓርክ አደረገች። ልጁ ዕቃውን በላስቲክ ይዞ ወጣ። እናቱ አላቀፈችውም፤ መጀመሪያ አገጩን ይዛ አፉን አስከፈተችው፣ የወለቁትን ጥርሶች አየች፣ ሸሚዙን ገልጣ ጎኑን ዳሰሰች። ከዚያ ነው አንገቱ ላይ ወድቃ ያለቀሰችው።

«ጋሼ ተቀበረ?» አለ ናሆም።

«ትናንት» አለች ውባለም። «ቤት ላድርሳችሁ፣ ተኛ።»

«ለቅሶ ሳልደርስ?»

«ልጄ፣ ሊዮል እዚያ ነው» አለች እናቱ። «ሙት ያለህ እሱ ነው። ጥርስህን ያወለቀው እሱ ነው። ሌላ ቀን ትደርሳለህ።»

«ጋሼ ነው ሙያ ያስተማረኝ» አለ ናሆም፤ መኪናው ውስጥ ገባ።

ለቅሶ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ናሆም በር ላይ ሲታይ ወሬው ቆመ። ሊዮል ከእናቱ ጎን፣ ፍራሹ ላይ፣ የሐዘንተኛ ቦታ ላይ ተቀምጧል። ናሆምን አየው፤ ያበጠውን ከንፈሩን አየው።

ከዚያ ወደ እናቱ ጠጋ ብሎ በራሱና በግድግዳው መሐል ቦታ ለቀቀ። ፍራሹን በእጁ መታ መታ አደረገ።

«እዚህ» አለ። «የልጅ ቦታ ነው። ቁጭ በል።»

ናሆም ጫማውን አውልቆ ሄዶ ተቀመጠ። ብርቅነሽ ከሊዮል ማዶ እጇን ዘርግታ ጉልበቱን ያዘችው፤ ለቅሶው እንደገና ተጀመረ።